ጥሩምባ ነፊውና የወንዙ ምሰሶ

አንድ ቆላ ቀመስ መንደር ነበረ፤ ወንዝ ከሚታጠፍበት ጥግ የተቆረቆረ፣ ሃምሳ የማይሞላ አባወራ ያለበት። ወንዙ ጠባዩ አይታመንም። ታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ላይ ደጋው ላይ ይዘንባል፤ ቀን ልጆች ሲንቦራጨቁበት የዋሉት ውሃ ሌሊት ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ሁለት ክረምት በተከታታይ ከብት ከወሰደ በኋላ እድሩ ተሰበሰበና ጠባቂ ይኑር ተባለ።

"ለሞት የምንነሳበት ጥሩምባ እያለን ለውሃ ምን ሌላ ያስገዛናል?" አሉ የእድሩ ዳኛ። ሥራው ለጥሩምባ ነፊው ተሰጠ። እንቅልፉ ቀላል፣ ቃሉ የታመነ ሰው ነው። አናጢው ከወይራ ግንድ ምሰሶ ጠርቦ ውሃው ዳር ተከለ፤ ከምሰሶው ትይዩ ለጠባቂው ማማ ተሠራለት።

ውሃው ሲነካው ጥሩምባ የሚነፋበት መስመር ምሰሶው ላይ የት ይቆረጥ የሚለው ብዙ አላነጋገረም። ዳኛው "ውሃው ቤት የሚገባው የት ሲደርስ ነው? እዚያው ላይ ቁረጥ" አሉ፤ አናጢው ከታችኛው ጎጆ ደፍ ጋር ትክክል አድርጎ ቆረጠ። ሁሉም ደስ ብሎት ተበተነ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ በውድቅት ሌሊት ጥሩምባው ተነፋ። ሰው ከመደቡ ሲወርድ እግሩ ያረፈው ውሃ ላይ ነው። የሞተ የለም፤ ግን የጎታው እህል ረጠበ፣ የታሰሩ ፍየሎች እንደታሰሩ ቀሩ። በማግስቱ ጠባቂው ተከሰሰ።

"መስመሩ ሲነካ ነፋሁ" አለ። "ከዚያ በኋላ አንዲት ትንፋሽ አላሳለፍኩም።"

እውነቱን ነው። እውነቱ ግን ለፍየሎቹ አልጠቀመም።

ዳኛው ተቆጡ። "እንግዲያው ዝቅ ይበል! ወገብ ላይ ይቆረጥ፤ ጉልበት ላይም ይቆረጥ፤ ቁርጭምጭሚት ላይም ይቆረጥ! ቢበዛ እንጂ ቢያንስ ምን ይጠቅመናል?" ምሰሶው ከላይ እስከ ታች ተተለተለ። ለየትኛውም መስመር የሚነፋው ጥሩምባ ያው አንድ ዓይነት ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት መንደሩ በሙሉ ልጅ አዝሎ፣ አቁማዳ ተሸክሞ ጉብታው ላይ አደረ። በሁለተኛው ሳምንት የወጣው ግማሹ ነው። በሦስተኛው ወንዶቹ ወደ ግድግዳው ዞረው ጋቢያቸውን መከናነብ ጀመሩ። ከሁሉ የባሰው ውሃው ልክ አንዱ መስመር ላይ ደርሶ የቆመበት ሌሊት ነበር። ማዕበሉ መስመሩን ነካ ሲያደርግ ጥሩምባ ይነፋል፤ ሸሸት ሲል ያቆማል፤ መልሶ ነካ ሲያደርግ እንደገና ይነፋል። እስከ ንጋት እንዲህ አደረ፤ ወንዙ ግን አንዲት ጣት አልጨመረም። ሰውየው ግዴታውን ነው የተወጣው። ተኩላ መጣ እያለ የሚዋሸው እረኛ ተረት እዚህ ላይ አይሠራም፤ ይኼኛው በዚያ ክረምት አንድም ጊዜ አልዋሸም።

ነሐሴ ሲገባ አንድ ሽማግሌ አረፉ። ጥሩምባው ተነፋ። ማንም አልወጣም፤ "ደግሞ ቁርጭምጭሚቱን ነካ" ብለው ተኙ። ቀብር ላይ የተገኙት ቤተሰቡና ቄሱ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ነውር በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም። ሬሳ ተሸካሚ ጠፍቶ ልጆቹ አባታቸውን ራሳቸው ተሸከሙ። ያን ቀን ማታ እድሩ ሳይጠራ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ።

ሐሳብ ሞልቶ ነበር። አንዱ ጠባቂው ይቀየር አለ። ሌላው ትልቅ ጥሩምባ ከከተማ ይገዛ አለ። አንድ ጎረምሳ ለውሃ ለብቻው ሁለተኛ ጥሩምባ ነፊ ይቀጠር አለና ወዲያው ራሱን ለሥራው አቀረበ። በመጨረሻ ጠላ ጠማቂዋ አሮጊት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ከዳር ሆነው እጃቸውን አነሱ።

"ይናገሩ እማማ" አሉ ዳኛው።

"እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅ። ጥሩምባው ሲነፋ እኔ ምን ላድርግ ነው የምትሉት?"

"ጉብታው ላይ ይውጡ እንጂ!"

"መልካም። ከቤቴ ተነስቼ ጉብታው ላይ እስክወጣ ምን ያህል ይፈጅብኛል?"

መልስ የሰጠ የለም። ጎረምሳው "እኔ እንኳ ሮጬ..." ብሎ ጀመረና አሮጊቷ ሲያዩት ዝም አለ።

በማግስቱ ጠዋት ተሞከረ። የዳኛው ሚስት ጀበናውን ሲጥዱ አሮጊቷ የልጅ ልጃቸውን አዝለው፣ ሁለት ፍየል እየጎተቱ ከደጃቸው ተነሡ። ፍየሎቹ መንገድ ላይ ቅጠል አይተው ቆሙ፤ አሮጊቷ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጉብታው ላይ ሲደርሱ ታች አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ነበር። ተመልሰው ወረዱና ጠባቂውን አስጠሩት።

"ልጄ፣ ወንዙ በጣም በከፋበት ሌሊት፣ አቦል ተፈልቶ ቶና እስኪቀዳ ምን ያህል ይወጣል?"

ሰውየው ለማሰብ ጊዜ አልወሰደም። ክረምቱን ሙሉ ማማው ላይ ቡና እያፈላ ነው ያደረው። "ክንድ ከስንዝር ይወጣል እማማ" አለ። እስከዚያ ቀን ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም።

"እንግዲያው ከቤቱ ደፍ ክንድ ከስንዝር ወደ ታች ለኩና ቁረጡ። ለጉልበቴ ደግሞ አንድ ስንዝር ጨምሩ።"

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለ። አናጢው መጥረቢያውን ይዞ ምሰሶው ሥር ቆመ፤ ዳኛው በያንዳንዱ መስመር ላይ እጃቸውን እያደረጉ "ይኼ ሲነካ ምን እናደርጋለን?" እያሉ ጠየቁ። መልስ ያልተገኘለት መስመር ሁሉ ተላገ። የቀሩት ሁለት ናቸው። የታችኛው ሲነካ አንድ ጊዜ ረዘም ተደርጎ ይነፋል፤ ከብት ይፈታል፣ ልጅ ይቀሰቀሳል። የላይኛው ሲነካ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ይነፋል፤ ጉብታው ላይ ይወጣል። ለሞት የሚነፋው የቀድሞው አነፋፍ ለሞት ብቻ ተተወ። ጠባቂውም አንዴ ከነፋ በኋላ ውሃው ከመስመሩ አራት ጣት እስኪወርድ ድረስ፣ ማዕበሉ ስለነካው ብቻ ደግሞ እንዳይነፋ ታዘዘ።

"ጭጋግ ወርዶ ምሰሶው ባይታየኝስ?" አለ ጠባቂው። "እስከ ዛሬ ዝም ነበር የምለው፤ መስመር ሲነካ አላየሁማ።"

አሮጊቷ ደነገጡ። "ዝም ስትል እኛ ደህና ነው ብለን ነው የምንተኛው! ካላየህ አለማየትህን ንገረን።" ለዚህ ማማው ላይ ቆርቆሮ ተሰቀለለት።

ሊበተኑ ሲሉ ጠባቂው አንድ ነገር ለመነ። ምሰሶው ግርጌ፣ ውሃው በክረምት ደርሶበት በማያውቀው ዝቅታ፣ ሌላ መስመር ይቆረጥልኝ አለ። ሳቁበት። "ውሃ ሲጎድል ምን ይነፋል?" አሉት። "ደጋው እየዘነበ ውሃው ከጎደለ አልወደውም" አለ። አናጢው እንደ ቀልድ ቆረጠለት።

በቀጣዩ ነሐሴ ደጋው ሦስት ቀን ሙሉ በደመና ተሸፍኖ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ወንዙ ቀጠነ። ድንጋዮቹ ብቅ ብቅ አሉ፤ ልጆች ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ዓሣ ሊለቅሙ ወረዱ። ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ተነፋ። ሰው ደረቅ ወንዝ እያየ አጉረመረመ፤ አሮጊቷ ግን ፍየሎቻቸውን ፈትተው መንገድ ጀምረዋል፣ እሳቸውን ብቻቸውን መስደድ ደግሞ ነውር ነው። ጠባቂውም ከማማው ወርዶ ተከተለ። ላይ፣ ወንዙ ጠባብ ገደል ውስጥ በሚገባበት ቦታ፣ ተራራው ተንዶ ውሃውን አግዶት ኖሯል። ሊነጋጋ ሲል ግድቡ ተጣሰ። ጉብታው ላይ ሆነው ምሰሶው ከነማማው ሲሄድ አዩ። ሲነጋ ቀጣዩን ወይራ ማን ከየት ያምጣ በሚለው ተጣሉ።

ምሳሌው ይኸው ነው። ያመጣሁት በየመቆጣጠሪያ ክፍሉ ማሽን ሲጠብቁ ለሚያድሩና ለእነሱ በፓይተን ማንቂያ ለሚጽፉ ሰዎች ነው፤ ምሰሶው በሶፍትዌር መልክ ፊታቸው ቆሟልና። ኤፒክስን ብንወስድ፣ በአሜሪካ የሎስ አላሞስና የአርጎን ቤተ ሙከራዎች የተወለደ፣ ዛሬ የዮርዳኖሱን ሴሳሚን ጨምሮ በብዙ የቅንጣት ማፋጠኛዎች የሚሠራበት የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ የሚለካ እሴት የራሱ ሪከርድ አለው፤ በሪከርዱ ላይ ደግሞ አራት መስመሮች ይገኛሉ፤ ሎሎ፣ ሎው፣ ሃይ፣ ሃይሃይ። ከፓይተን ሆኖ የአንዱን ሃይሃይ 40 ማድረግ የአንድ መስመር ኮድ ሥራ ነው። ኮዱ ይሄዳል፣ ስህተት አይመልስም፣ ቁጥሩም መልሰው ቢያነቡት 40 ሆኖ ይገኛል። እሴቱ ግን 50 ቢደርስም ምንም ላይጮህ ይችላል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ መስመር የክብደት ደረጃውን የሚይዝ ጓደኛ መስክ አለው፣ ለሃይሃይ ኤችኤችኤስቪ ይባላል፣ ካልነኩት በስተቀር "ማንቂያ የለም" ላይ ተቀምጦ ይቆያል። መስመሩ ተቆርጧል፤ ጥሩምባው ለማንም አልተሰጠም። አዲስ ገቢ ፕሮግራመር ሁሉ ቢያንስ አንድ ከሰዓት በኋላ የሚጠፋበት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የሚበልጠው ጥያቄ ግን 40 ከየት መጣ የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከማሽኑ መመሪያ ላይ ተገልብጦ ነው፤ ዳኛው ከቤቱ ደፍ እንዳስቆረጡት ማለት ነው። የኤሌክትሮማግኔት ማቀዝቀዣ ውሃ እንበል፤ በደህና ቀን ሙቀቱ 30 ዲግሪ ነው፣ 60 ሲደርስ መከላከያው ራሱ ኃይሉን ይቆርጣል። ፓምፑ ሲደክም ሙቀቱ በደቂቃ 2 ዲግሪ የሚጨምር ከሆነና ተረኛው ተጠባባቂውን ፓምፕ ለማስነሳት 10 ደቂቃ የሚፈጅበት ከሆነ፣ መስመሩ ከ40 በላይ ሊሆን አይችልም። ለጉልበት የምትጨመረዋን ስንዝር ስንቀንስ 38 እንላለን። 58 ላይ የሚጮህ ማንቂያ እውነት ይናገራል፤ የሚናገረው ግን አንድ ደቂቃ ብቻ ለቀረው ሰው ነው።

የአራት ጣቷ ትእዛዝ በኤፒክስ ሂስት የሚባለው መስክ ናት፤ 1.5 ቢሰጠው በ38 የተነሳው ማንቂያ ሙቀቱ 36.5 እስኪደርስ አይወርድም። ይህን ሁሉ ከሪከርዱ ውጭ፣ በፓይተን ስክሪፕት መጻፍም ይቻላል። ፓይኤፒክስ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ለዚሁ አላርም የሚባል ክላስ አለው፤ የሪከርዱን ስም፣ ማነጻጸሪያውን፣ ገደቡንና የሚጠራውን ተግባር ይቀበላል፣ አንዴ ከጠራ በኋላም ካልቀየሩት ለ10 ሰከንድ ዝም ይላል። ለግል ክትትልና ለኢሜይል መላኪያ ግሩም ነው። ግን ኮምፒውተሩ ዳግም ሲነሳ ስክሪፕቱ ካልተነሳ ማማው ባዶ መሆኑን የሚናገር የለም። ገደቡ በሪከርዱ ላይ ይቆረጥ፣ ፓይተን ይቁረጠው፣ ይመርምረው፣ ለሰው ያድርሰው ባይ ነኝ።

ከአለማየት የከፋ ነገር በፓይተን በሦስት ቃል ይጻፋል፤ ትራይ፣ ኤክሴፕት፣ ፓስ። ሴንሰሩ መልስ ሲነፍግ ኮዱ ስህተቱን ውጦ ይቀጥላል፣ የመጨረሻው 31 ዲግሪም ስክሪኑ ላይ ለሳምንት ያምራል። ኤፒክስ ከቀላልና ከከባድ ማንቂያ ለይቶ "ዋጋ የሌለው" የሚል ደረጃ ያስቀመጠው ለዚህ ነው፤ ኤክሴፕቱ ሥር መጻፍ ያለበት እሱ ነው። ቆርቆሮው ይመታ።

ስለ ማንቂያ መብዛት ማስረጃው ከተረት ውጭም አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 1994 በዌልስ ሚልፎርድ ሄቨን የሚገኘው የቴክሳኮ ነዳጅ ማጣሪያ ሲፈነዳ፣ ከፍንዳታው በፊት በነበሩት የመጨረሻ 11 ደቂቃዎች ለሁለት ኦፕሬተሮች 275 ማንቂያ ደርሷቸው ነበር። ከመካከላቸው የትኛው ቁም ነገር እንደነበረ ለመለየት መርማሪዎች ወራት ነበራቸው፤ ሁለቱ ሰዎች 11 ደቂቃ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የብሪታንያ መመሪያ፣ ኢኢኤምዩኤ 191፣ በሰላሙ ጊዜ አንድ ኦፕሬተር በአማካይ በ10 ደቂቃ ከአንድ ማንቂያ በላይ እንዳይደርሰው ይመክራል። በዚያው በሚልፎርድ ሄቨኑ አደጋ ፈሳሽ ወደ አንድ ዕቃ ይገባ ነበር እንጂ አይወጣም፤ መውጫው ቫልቭ ተዘግቶ ሳለ ስክሪኑ ክፍት ነው ይል ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2005 በቴክሳስ ሲቲ ነዳጅ ማጣሪያ 15 ሰው የገደለው ፍንዳታም ከዚህ ዘር ነው፤ የማጣሪያው ማማ በፈሳሽ እየሞላ ሳለ የደረጃ መለኪያው ቀስ በቀስ እየጎደለ ነው ይል ነበር። እንዲህ ያለውን አንድ ገደብ ብቻውን አይይዘውም። ደጋው እየዘነበ ወንዙ ለምን ይጎድላል ብሎ የሚጠይቅ፣ የገባውንና የወጣውን የሚያወራርድ ስሌት ይፈልጋል፤ ፓይተን ከገደብ መቁረጫነቱ ይልቅ ዋጋ የሚያወጣው በዚህ ነው፤ ሁለት ሪከርድ አንብቦ ልዩነታቸውን በሦስተኛ ሪከርድ ላይ መጻፍ፣ ገደቡንም እዚያ ላይ መቁረጥ።

ሁሉ ከተጻፈ በኋላ የሚቀረው ኤፒክስ በሚሰጠው የማስመሰያ መስክ ሪከርዱን 39 ዲግሪ ነው አሰኝቶ፣ ለሌሊት ተረኛው ሳይነግሩ፣ ሰዓት መያዝ ነው። ስልኩ መጮሁ ብቻ አይበቃም፤ ተረኛው ተነስቶ፣ ቁልፍ ፈልጎ፣ ተጠባባቂውን ፓምፕ እስኪያስነሳ ይጠበቃል። 10 ደቂቃ ያልነው 14 ሆኖ ከተገኘ 40 የነበረው ጣሪያ 32 ይሆናል። መደበኛው ሙቀት 30 ሆኖ ማንቂያን 32 ላይ ማድረግ ማለት ደግሞ ሰውየውን በየሌሊቱ በከንቱ መቀስቀስ ነው። እንዲህ ሲሆን ቁጥሩን ወደ ላይና ወደ ታች መግፋቱን ትቶ፣ ፓምፑ ማንንም ሳይጠብቅ ራሱን የሚያስነሳበትን ሽቦ ለማስዘርጋት የግዥ ጥያቄ መጻፍ ያስፈልጋል።